ከእህቴ ወንበር ስነሣ

በሠላሳ ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ ስል ጓደኞቼ ይስቃሉ። "ጡረተኛው መጣ፤ ተነሡለት" ይሉኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ግን ሌላ ስም አጣሁለት። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሊሠራው የቆረጠውን ሥራ ሲተው ጡረታ ካልተባለ ምን ይባላል?

መጻፍ አይሆንልኝም። ከሀገር የወጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ደብዳቤ ሌላ የጻፍኩት የለም። ይሄንንም ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እህቴ ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። ስለዚህ ከሥራው ልጀምር። እሷ በሥራው በኩል መምጣቷ አይቀርም።

ካናዳ፣ ካልጋሪ የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ስፖንሰር ያደረገችኝ ታላቅ እህቴ ጽጌ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት። እናታችን ያረፈችው እኔ ልጅ ሳለሁ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የመጀመሪያ ሥራዬ ዳውንታውን ውስጥ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት መቁረጥ ነበር። አለቃዬ በሺፍቱ አንዴ ብቅ ይልና "ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" ይላል። መልሱን ሳይሰማ ሊፍቱ ውስጥ ይገባል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቢሆንም እዚያ በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን መልሴን አልሰማም።

እታለም አዲስ አበባ አስተማሪ ነበረች። እዚህ መጥታ እንደገና ተምራ የመምህርነት ላይሰንስ አወጣች። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አካላቸውም አእምሯቸውም የተጎዳ ልጆች ባሉበት ክፍል ትሠራ ነበር። የእኛ ሰው ልጆች ግን እዚያ ብዙም አይታዩም። ቤት ነው ያሉት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚወሰዱ ልጆች አሉ። እናትና አባት ስለማይወዷቸው አይደለም። ሰው "ምን አድርገው ነው?" እንዳይል ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ሞክረው የተመለሱም አሉ። ልጁ የሚያውቀው አማርኛ ብቻ፣ ክፍሉ እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖበት፣ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል።

እታለም እነዚህን ቤቶች እያንኳኳች ዞረች። ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ሰጣት። ከጥቂት ወላጆች ጋር ሆና በጎ አድራጎት ትምህርት ቤት አድርጋ አስመዘገበችው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ልጁን አመጣ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጋሽ በላቸው ሆኑ። ታክሲ ነጂ ናቸው። ልጃቸው ሰላም ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ናት።

አንድ ቀን እታለም መኪና ማቆሚያው ድረስ መጣች። የተቀመጥኩባትን ጠባብ የመስታወት ቤት ዞር ዞር ብላ አየችና "ከመኪና ጋር መዋልህ ካልቀረ ሰው ያለበትን ንዳልኝ" አለችኝ። ደሞዙ ከዚያኛው ያንሳል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልልም።

እንዲህ ሆኜ የቫን ሹፌር ሆንኩ። ሥራው መንዳት ብቻ መስሎኝ ነበር። ዊልቸሩ በአራት ቀበቶ ከወለሉ ጋር ይታሰራል፤ ልጁ ደግሞ ለብቻው። ካሰርኩ በኋላ ዊልቸሩን በሁለት እጄ ይዤ እነቀንቀዋለሁ። ከተነቃነቀ ፈትቼ እንደገና። በበረዶው ክረምት ሌሊት ሌሊት ሞተሩን እንዲሞቅ ከኤሌክትሪክ ጋር አያይዘዋለሁ፤ አለዚያ ጠዋት አይነሣም። ከብርዱ ይልቅ የምፈራው ግን ቺኑክን ነው። ያ ሞቃት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ በረዶው በአንድ ከሰዓት ይቀልጣል። ሰው ጃኬቱን አውልቆ ደስ ይለዋል። በማግሥቱ ያው ውሃ ተመልሶ ይረጋና የቫኑ መወጣጫ መስታወት ይሆናል። በቺኑክ ማግሥት ከሁሉ ቀድሜ ነበር የምነሣው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እታለም ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ረዳት ጎድሏት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት አልረሳውም።

"ቁጭ በል" አለችኝ።

"ምን ልሠራ?"

"ትበላለህ። እኔ አበላሃለሁ።"

አጠገቤ ቆመች። አገጬን ይዛ ጭንቅላቴን ወደ ኋላ አዘነበለችው። በትልቅ ማንኪያ እርጎ አፌ ውስጥ ጨመረች። ሳልውጠው ሁለተኛውን አከለችበት። ትን አለኝ። እርጎው በአፍንጫዬ ወጣ።

"ልትገድዪኝ ነው እንዴ!" አልኳት።

"ጎሽ። አንተ መናገር ቻልክ። የማይናገር ልጅ ብትሆንስ ኖሮ?"

ከዚያ ፊት ለፊቴ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። አሁን እሷን ለማየት አገጬን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ጠፍጣፋና ትንሽ ማንኪያ ያዘች። ምላሴ ላይ ቀለል አድርጋ አሳረፈችውና አወጣችው። ዓይኗ ጉሮሮዬ ላይ ነው። ጉሮሮዬ ከፍ ብሎ ሲመለስ ካላየች ቀጣዩ ማንኪያ ከሳህኑ አይነሣም። "ልጁ ፊቱን ካዞረ አልፈልግም ማለቱ ነው" አለችኝ። "ያኔ ምሳው አበቃ። በእናትህ የለም። ለእኔ ስትል የለም። በቀን ውስጥ እምቢ ማለት የሚችለው ለዚህ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አንቀማውም።" ከእኔ በኋላ የመጣ ረዳት ሁሉ በዚያ ወንበር ተቀምጦ በእርጎ ትን ብሎታል።

ሌሎችም ልማዶች ነበሯት። ልጅ ከመንካቷ በፊት እጆቿን ብብቷ ውስጥ አስገብታ ታሞቃቸዋለች። ጡንቻው የሚገታተር ልጅ በቀዝቃዛ እጅ ሲነካ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ልብስ ማልበስ ትግል ነው። ጠዋት በሩ ላይ ቆማ እጆቿን ብብቷ ውስጥ አድርጋ ስትጠብቀን የማያውቃት ሰው የተቆጣች ይመስለዋል። ደግሞም ሳትናገር ምንም አታነሣም። "አሁን ቀኝ እግርሽን ላነሣው ነው" ትላለች። ትጠብቃለች። ከዚያ ታነሣዋለች።

መጠበቋ ነበር የሚያስቸግረኝ። ሰላም አፍ አልፈታችም፤ እጇም አይታዘዝላትም። "አዎ" ለማለት ዓይኗን ወደ ላይ ታነሣለች። ይሄን ያስተማረቻት እታለም ናት። ግን ጥያቄው ገብቷት፣ አስባ፣ ዓይኗን እስክታዘው ጊዜ ይወስዳል። እታለም "ሰላምዬ፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ?" ትልና ዝም ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ በልቤ አንድ ዘፈን እጨርሳለሁ። ውሃውን ልቀዳ ስነሣ በእጇ ትመልሰኛለች። "አንተ መልስልኝ አላልኩህም።" ዓይኖቹ ቀስ ብለው ሲነሡ እንደ አዲስ ትደሰታለች። በየቀኑ።

አንድ ጊዜ አብዲ የሚባል ልጅ ከሰዓት በኋላ እየጮኸ እጁን መንከስ ጀመረ። ካልጋሪ የተወለደች ታላቅ እህቱ ቫኑ ጋ ልትቀበለው ትመጣ ነበር። "ቢኒ፣ ሂ ኢዝ ጀስት፣ ላይክ፣ ቱ መች ዛሬ" ትለኛለች፤ ዛሬስ አልቻልነውም ማለቷ ነው። ሁላችንም ጠባይ ነው አልን። ዶክተርም መድኃኒት እንስጠው አለ። እታለም ግን "ቆይ" አለች። ከራስ ጠጉሩ ጀምራ ወደ ታች መረመረችው። ጫማውን አወለቀች፤ እግሩን የሚደግፈውን ፕላስቲክ ብሬስ አወለቀች። ልጁ አድጓል፤ ብሬሱ አላደገም። ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ቀይ ምልክት ነበር። በጣቷ ተጫነችው። ደህና ቆዳ ሲጫኑት ይነጣና ይመለሳል። ያኛው እንደቀላ ቀረ። ልጁ ጠዋቱን ሙሉ ችሎ ከሰዓት በኋላ ነበር የሚሸነፈው። ከዚያ በኋላ የየልጁ ቀን የሚጀምረው ጫማና ካልሲ አውልቆ እግር በማየት ሆነ። መድኃኒቱም ቀረ።

አሁን የማልወደው ቦታ ደረስኩ።

በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች ምግብ ይዘው መጥተው አብረን እንበላለን። ያን ጊዜ የሰላም አያት፣ የጋሽ በላቸው አባት፣ ከሀገር ቤት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጢማቸው የሚያምር፣ ሁሉም ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚያ ሳምንት ነው። አጠገቧ ተቀመጡ። እንባ በዓይናቸው ሞልቶ "የእኔ እመቤት" ይሏታል። ዶሮውን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ አፏ ወሰዱ።

እታለም ከማዶ ነበረች። አየች። ከወንበሯ ብድግ ስትል አይቻታለሁ። ያን ጊዜ ሰላም የመጀመሪያውን እንደምንም ዋጠችው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሁሉም ሳቀ። "አንድ ያጣላል!" አሉና ሁለተኛውን፣ ትልቁን፣ ጠቀለሉ። እታለም ግማሽ ቆማ ነበር። ሽማግሌውን አየች፤ ቤቱን የሞላውን ሰው አየች። እጃቸውን በአየር ላይ እንዴት ትመልስ? ተመልሳ ተቀመጠች።

ሰላም ድምፅ አላወጣችም። ከንፈሯ ነው መልኩ የተለወጠው። እታለም ከማዶ እንዴት እንደደረሰች አላውቅም። ከዊልቸሩ ፈትታ በክንዷ ላይ ደፋቻትና ጀርባዋን መታች። ምግቡ ወጣ። ልጅቷ ተነፈሰች። ተመስገን ተባለ። ግን ሁሉም አልወጣም ነበር፤ ሳንባዋ ገብቷል። በማግሥቱ ትኩሳት ያዛት። ሆስፒታል ብዙ ቆየች። ስትወጣ ሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በቱቦ የምትመገብ ልጅ ሆና ወጣች። መብላት ትወድ ነበር። ሙዝ ስታይ ዓይኗ ሳትጠየቅ ይነሣ ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጋሽ በላቸው ለእታለም ያሏት ትዝ ይለኛል። "የእግዜር ነገር ነው፤ አትጨነቂ የእኔ ልጅ።" የመኪና ቁልፋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውሩ ነበር። አባታቸውም ልጅቷን ብርድ መታት ተብለው ነው ወደ ሀገራቸው የተመለሱት። ማንም እውነቱን አልነገራቸውም።

እታለም ቤት ስንገባ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። "ሽማግሌውን አከበርኩ፤ ልጅቷን በእሳቸው ክብር ለወጥኳት" አለች። ከሰለጠነ ረዳት በስተቀር ማንም ልጅ እንዳያበላ ደንብ አወጣች። ግን ደንቡን አፍ አውጥታ ለትልቅ ሰው መንገር አልቻለችም። በዓል ሲሆን እኔን በዓይኗ ትጠቅሰኛለች። እኔ ሽማግሌዎቹን "ቫናችንን ላሳይዎት" ብዬ ይዤ እወጣለሁ። ስንቱ አዛውንት በብርድ ቆሞ የቫን መወጣጫ ሲወጣና ሲወርድ አድንቆልኛል! "ጉድ ነው! ሰውም ያነሣል?" ይሉኛል። ልጆቹ በዚህ መሀል በልተው ይጨርሳሉ።

እታለም ታመመች። በሽታው የተገኘው ዘግይቶ ነው። እስከ መጨረሻው ድረስ እጇን ብብቷ ውስጥ አድርጋ በሩ ላይ ትቆም ነበር፤ በኋላ ግን እጇም አልሞቅ አለ። በክረምት መግቢያ ላይ አረፈች። ስለ ሞቷ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አልቻልኩም።

ለቅሶው ቤት ሰው ሞላ። በአርባዋ ጋሽ በላቸው ተነሥተው ንግግር አደረጉ። "ጽጌ አልሞተችም። ወንበሯ ላይ ወንድሟ ይቀመጣል!" አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹ ትከሻዬን ያዙ። ለሐዘንተኛ፣ ሰው ምግብ ያመጣል፤ ለእኔ ትምህርት ቤት አመጡልኝ። ማንም ሊከለክለኝ አልፈለገም። እኔም እምቢ አላልኩም። የእሷ ሹራብ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እዚያ መቀመጥ ብቻ ነበር የምፈልገው።

ሠራሁ። እውነቱን ለመናገር በርትቼ ሠራሁ። ጠዋት ቫኑን እነዳለሁ፤ ቀን ክፍል ውስጥ እሆናለሁ፤ ማታ ማታ መዝገበ ቃላት ይዤ ከኃላፊነቱ ወረቀት ጋር እታገላለሁ። የእግር ምርመራው አልቀረም፤ ማንም ልጅ ትን አላለውም። እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ እዚሁ ነኝ ብዬ ወስኜ ነበር።

በጸደይ ከክፍለ ሀገሩ ትምህርት መሥሪያ ቤት አንዲት ኢንስፔክተር መጣች። ክፍሎቹን አየች፤ ልጆቹን ሰላም አለች፤ ጥሩ ሰው ናት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ "ታዲያ ለመስከረም ሰው አገኛችሁ?" አለችኝ።

"የምን ሰው?"

ፊቷ ተለወጠ። ለኮሚቴው በክረምቱ፣ እታለም ካረፈች በኋላ፣ ነግራ ነበር። ላይሰንስ ያለው ኃላፊ ከሌለ ትምህርት ቤቱ ይሄን ዓመት ይጨርሳል እንጂ በመስከረም አይከፈትም። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም።

ጋሽ በላቸውን ታክሲያቸው ውስጥ አገኘኋቸው። ተሳፋሪ እየጠበቁ ነበር። ከፊት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን?"

"ያውቁታል።"

መሪውን በእጃቸው ጠረጉ። "ኧረ አንተ ልጅ። እህትህን የቀበርክበት አፈር ሳይደርቅ ተነሥ ልበልህ? በምን አፌ?"

"ቢዘጋስ?"

"እግዜር ያውቃል ብለን ነዋ።"

"ሰላምስ? ወደ ቤት ትመለስ?"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ወይዘሮ ለተብርሃን የሚባሉ ኤርትራዊት አስተማሪ ቦታውን በክረምት ጠይቀው ነበር። አስመራም አዲስ አበባም ያስተማሩ፣ እዚህም ላይሰንስ ያላቸው፣ በተተኪ አስተማሪነት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚዞሩ ናቸው። ኮሚቴው "ቦታው ተይዟል" ብሎ መለሳቸው። በእኔ የተነሣ።

ካስልሪጅ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሄድኩ። አጭር ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሻይ ሰጡኝ። ሳልጨርስ "ምን ፈለግክ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ትምህርት ቤቱን እንዲይዙልን ነው።"

"ተይዟል ተብዬ ነበር።"

"እለቃለሁ። እኔ ወደ ሹፌርነቴ እመለሳለሁ።"

መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። "አይሆንም" አሉ። "ልጆቹ ይወዱሃል። ወላጆቹ ይሳሱልሃል። እኔ አንድ ነገር ባዝዝ ሁሉም የሚያየው ያንተን ፊት ነው። አንተ ቅር ካለህ ቅር ይላቸዋል። የእኔን ትእዛዝ በሐዘንተኛ ፊት እየመዘኑ ሕፃን አይያዝም። ከገባሁ አንተ የለህም። ቫኑም ላይ።"

"ረዳት ሆኜስ?"

"ልጄ፣ ጨክኜብህ አይደለም። ደግሞም ጨክኜብህ ነው።"

ሻዩን ጨረስኩ። ያን ቀን ከእሳቸው ቤት ማርልቦሮ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ባቡሩን አልፈለግኩም። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ስፈልግ ነበር። ሌላ አስተማሪ ይገኝ ይሆን? ኢንስፔክተሯን ብለምናትስ? ምድር ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። ማንም የለም። ሹራቧን ከወንበሩ አንሥቼ ወደ ቤት ወሰድኩት።

እሑድ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሽ በላቸው ስለ ኮርኒሱ ማፍሰስ ማውራት ጀመሩ። እጄን አወጣሁና ተነሣሁ።

"ከመስከረም ጀምሮ እኔ የለሁም" አልኩ።

"ማን አስቀየመህ?" አለ አንዱ።

"ኧረ በጽጌ አጥንት!" አለች የአብዲ እናት። "የእሷን ጠረን ልታሳጣን ነው?"

"እኔ ካለሁ በሩ አይከፈትም። ይሄን ከእኔ በስተቀር ሁላችሁም ታውቁ ነበር።"

አንዳንዶቹ ወደ እግራቸው አዩ።

"ሰው ሐዘን ላይ ሳለ..." ብለው ጀመሩ ጋሽ በላቸው።

"ጋሼ፣ ሐዘኔን እኔ እይዘዋለሁ። እናንተ ልጆቹን ያዙ።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል። የአብዲ እናት ደነገጠች። ቢያንስ ቫኑን ንዳ አሉ፤ ቢያንስ በዓል በዓል ና አሉ። አይሆንም አልኩ። ወይዘሮ ለተብርሃን ይጠሩ፣ ዛሬ ይደወል አልኩ። ጋሽ በላቸው "አስመሬዎች ጥብቅ ናቸው ይባላል" ብለው አጉረመረሙ። "እኛስ ላልተን ምን አተረፍን?" አልኳቸው። ስልኩን አንሥቼ ሰጠኋቸው። ሲደውሉ ቆሜ ጠበቅኩ።

መስከረም ከመግባቱ በፊት ያለውን በጋ ሙሉ የማውቀውን አስረከብኩ። ወይዘሮ ለተብርሃንን በዚያ ወንበር አስቀምጬ በእርጎ ትን አስባልኳቸው። "አንተ ባለጌ!" አሉኝ አፋቸውን እየጠረጉ። ከዚያ "ድገመው፤ በደንብ ልየው" አሉ። የሰላምን ቱቦ፣ የአብዲን ብሬስ፣ የቺኑክን ማግሥት ሁሉ ነገርኳቸው። ቁልፉን ሰጥቼ ወጣሁ።

አሁን የምሠራው የዊልቸር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ጎማ እቀይራለሁ፤ መቀመጫ እለካለሁ። ሥራው ደህና ነው። በመስከረም ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። አልሄድኩም።

ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ስልክ ተደወለ። ጋሽ በላቸው ናቸው።

"ቢኒያም፣ በምሳ ሰዓት ሰላምን ላያት ገብቼ ነበር። ምግቧ በቱቦ እንዳለቀ አስተኝተዋታል። ወዲያው! በጀርባዋ!"

ሰላም ከተመገበች በኋላ ቀና ብላ መቆየት አለባት። ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ነው። ይሄን ጋሽ በላቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ።

"ቀና አደረጓት?"

"እኔ አደረግኳትና ወጣሁ። አሁን መኪናዬ ውስጥ ነኝ። አንተ ደውለህ ቀስ አድርገህ..."

"እኔ አልደውልም። ተመልሰው ገብተው ይንገሯቸው።"

"ሴትዮዋ ገና አዲስ ናት፤ ቅር ይላታል። በረዳቷ ፊት..."

"ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ያስተኟታል። እርስዎ ደግሞ ነገ እዚያ የሉም።"

የታክሲያቸው ሬዲዮ ይሰማኛል።

"ስልኩን ይዝጉትና ይግቡ" አልኩ።

ዘጉት። የያዝኩትን ጎማ መልሼ መግጠም አቃተኝ። መፍቻውን እያነሣሁ አስቀምጣለሁ። መኪናዬን አስነሥቼ ማርልቦሮ ልሄድ ኮቴን ለበስኩ። አወለቅኩት። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ወይዘሮ ለተብርሃን ናቸው።

"ጋሽ በላቸው መጥቶ ጮኸብኝ" አሉኝ። "በልጆቹ ፊት። ጣቱን አፍንጫዬ ላይ ቀስሮ።"

"ልክ ነበሩ?"

"ልክ ነበር። ለእኔ ነግረኸኛል፤ እኔ ለአዲሷ ረዳት አልነገርኳትም። አሁን ነግሬያታለሁ። ሰላም ቀና ብላለች፤ እዚሁ ፊት ለፊቴ ናት።" ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። "ግን እንዲህ ነው እንዴ የምትነጋገሩት? እህትህ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻለችው?"

"እህቴ ላይ ማንም ጮሆ አያውቅም፣ እትዬ" አልኩ።

መፍቻውን አስቀመጥኩ። እሳቸው ጠበቁኝ።

"እርስዎ ላይ ይጩኹ" አልኩ። "አይከልክሏቸው።"

"በል እሺ" አሉ። ከኋላቸው የልጆቹ ድምፅ ይሰማል። "ልዝጋው። በሩ ላይ አንዲት እናት ቆማለች፤ የተቆጣች ትመስላለች።"